የዘንዶዋ ስፌት

ጆንያው ወደ ሙዚየማችን የገባ ዕለት ጫማዬ ተቀደደ። ሌላ ሰው ቢሆን ቀኑ አላማረኝም ብሎ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። እኔ ግን፣ እናቴ ነጃት ስትናደድ እንደምትለው፣ ነገር የሚገባኝ ካለፈ በኋላ ነው።

ፈህሚያ እባላለሁ። ያኔ ከጎንደር አራዳ ከፍ ብሎ፣ ጣሊያን ትቶት በሄደው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የተፈጥሮ ሙዚየም እሠራ ነበር። የደረቁ ወፎች፣ የጭላዳ ቅል፣ በአልኮል የተዘፈዘፉ እንሽላሊቶች ነበሩን። የእኔ ሥራ መስታወታቸውን መወልወልና ከሥራቸው የሚለጠፈውን ጽሑፍ መጻፍ ነበር። የሚያነበው የለም፤ እኔ ግን እጽፋለሁ።

ጆንያውን ያመጡት ሁለት ፖሊሶች ናቸው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በመተማ መንገድ ከሰሊጥ ጋር ጭኖት ሲመጣ፣ ጭልጋን እንዳለፈ ፍተሻ ላይ ተያዘ። ውስጡ አርባ አንድ የዘንዶ ቆዳ፣ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ እስኪያልቅ በአደራ እኛ ዘንድ ይቀመጣል፣ እግረ መንገዱንም ሕዝብ ይማርበታል ተባለ። አፉ ሲፈታ የጨውና የቆየ ጮማ ሽታ ክፍሉን ሞላው። መስኮቶቹን ብንከፍትም አልወጣም።

«ሰው ዘንዶ ሲባል የሚያስበው ዘንዶው የሚውጠውን ነው» አሉ አለቃዬ አቶ አምሐ፣ አፍንጫቸውን በመሀረብ ይዘው። «እኛ ዘንዶን የሚውጠውን እናሳያለን። ለጥምቀት እንግዳው ሲጎርፍ እንከፍተዋለን። አንቺ ደግሞ እነዚህን ሳይቀድድ የሚዘረጋ ቆዳ ሠሪ ፈልጊ።»

ፍለጋ ወጣሁ። አራዳ ቁልቁል ስወርድ የኮብል ስቶኑ ጠርዝ የግራ ጫማዬን ሶል ገነጠለው። እያነከስኩ የመጀመሪያውን ጫማ ሰፊ ቤት ገባሁ። አንድ ወጣት አጎንብሶ በግራ እጁ ወስፌ ይወጋል።

«ግራኝ ነህ እንዴ?» አልኩት። አፌ እኮ አያርፍም።

«ጎንደር መሀል ቆመሽ ይሄን ስም ጮክ ብለሽ አትጥሪው። ሰው ደንግጦ ይሮጣል» አለኝ ቀና ሳይል።

ሳቅኩ። ጫማዬን ተቀበለኝና አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ ክር መዝዞ አብሮ ገመዳቸው፤ ከዚያ በሰም አሸው። ለምን ሁለት ቀለም እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አባቴ እንዲህ ነበር የሚገምደው። ከእሱ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። አራዳን ብታስሺ በዚህ ክር የሚሰፋ ሌላ ሰው አታገኚም።»

«እሺ ባለክሩ፣ ሥራ አለኝ። ቆዳ መዘርጋት ነው።»

«የምን ቆዳ?»

«የዘንዶ።»

ወስፌው ጫማዬ ላይ እንደተሰካ ቀረ። ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር፣ የሚለምን የሚመስል። እኔ ሞኟ በፍቅር ያየኝ መስሎኝ ጉንጬ ጋለ።

ስሙ አኒስ ነበር።

*

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከቀትር በኋላ ሱቁን እየዘጋ ይመጣ ነበር። በጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተን ሁለታችን እንሠራለን። ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልለዋል፣ ዘይት ያሸዋል፣ ከዚያ በየቀኑ አንዲት ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር ይፈታዋል። አያስገድደውም። እኔ ከአንዱ ጫፍ እይዛለሁ፣ እሱ ከሌላው። እየተፈታ ሲሄድ እጃችን ይቀራረባል፤ ሲገናኝ ሁለታችንም ስለ አየር ሁኔታ እናወራለን።

ፈልጌ አልወደድኩትም። ዝምታው ነው ያጠመደኝ። እኔ ሳወራ እውል የለ? እሱ ሰምቶ ሰምቶ አንዲት ነገር ይላል፣ እሷን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። አንድ ቀን «ስትስቂ ቀድመሽ አፍሽን በእጅሽ ትሸፍኛለሽ፣ ማን አሳፍሮሽ ነው?» አለኝ። ማንም ይሄን አይቶልኝ አያውቅም። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ቀሐ ድረስ በእግሬ ወርጄ፣ ያለ ምክንያት ወንዙ ዳር ተቀምጬ ተመለስኩ።

ቀልቤ ያልወደደው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሁሉም የምትበልጠውን ጥቅል አይነካትም። እኔ ሳነሳት ተቀብሎ ወደ ታች ይመልሳታል።

«እሷ ትቆይ።»

«ሴት መሆኗን በምን አወቅህ?»

«ግዙፎቹ ሴቶች ናቸው።»

ጫማ ሰፊ ይሄን ከየት ያውቃል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ይልቅስ ስለ እሷ የጻፍኩትን አሳየሁት። ጮክ ብሎ አነበበው፤ «እናቲቱ ዘንዶ እንቁላሎቿን ተጠምጥማ ከሁለት ወር በላይ ትጠብቃለች። አትበላም። ሰው ሲመጣባትም ትታ አትሄድም። አዳኞች በቀላሉ የሚይዟት ያኔ ነው።»

ወረቀቱን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣ። በመስኮት አየሁት። እጁን ይታጠባል፣ ያደርቃል፣ እንደገና ይታጠባል።

በሁለተኛው ወር አንዲት ሴት መጣች። አቧራ የለበሰ ነጠላ፣ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ። አዛለች እንደምትባል፣ ጆንያውን ይዞ የታሰረው የአያ ሰጠኝ ሚስት እንደሆነች ነገረችን። ባሏ የታሰረበትን ነገር በዓይኗ ማየት ፈልጋ ከጭልጋ ማዶ ድረስ መጥታለች።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ቆዳ ብዙ አየችው። «ለዚህ ነው?» አለች።

«የማን እንደሆነ ለምን አይናገርም?» አልኳት።

«እንዴት ይናገር የኔ ልጅ? የጡት አባቱ ነው። ባሌ ጎበዝ ሳለ ሰውየው አውራ ጣቱን በማር ነክሮ አጥብቶታል። ስሙን ለኔም አልነገረኝም። ሰሊጥህ ውስጥ ይቺን አስገባልኝ አለው፣ አስገባለት። ምን እንዳለበት እንኳ አልጠየቀም።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «እኛስ ቢሆን መቼ ኖርን? ዘንዶው ካለቀ ወዲህ አይጡ አገሩን ወረሰው። ማሽላውን ጨረሰና አሁን የተኛ ልጅ ጆሮ ይነክሳል። ሸጋ አገር ነበር እኮ።»

ከዚያ ወደ አኒስ ዞረች።

«አንተስ ምነው ላብ አሰመጠህ ወንድሜ?»

*

በሳምንቱ «ሰም ላመጣ ኮሶዬ እሄዳለሁ፣ ትመጪያለሽ?» አለኝ። ለእናቴ የሙዚየም ሥራ ነው አልኳትና ሄድኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሰሙን ከገበሬዎች ገዝቶ በመንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ትኩስ ድንች በአዋዜ በላን። ከዚያ ገደሉ አፋፍ ላይ ሄደን ቆምን። ከታች ደመናው ይነሳል። መጀመሪያ ሸለቆው ጠፋ፣ ቀጥሎ ዛፎቹ፣ ቀጥሎ መንገዱ። ከአኒስና ከእኔ ሌላ ምንም አልቀረም። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ።

«ፈህሚያ፣ አጎቴ ሽማግሌ እንዲልክልኝ ልጠይቀው እፈልጋለሁ።»

ልቤ በደረቴ ልትወጣ ደረሰች። «ማነው የከለከለህ ታዲያ!» አልኩት። እንዲህ ነው እሺ ያልኩት፤ ሰው ይሳቅብኝ።

አልሳቀም። «ከዚያ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ይሄ እጄ ብዙ...»

እጄን አፉ ላይ ጫንኩበት። «ዛሬ አይሆንም። ዛሬን ለእኔ ተውልኝ። ወላሂ፣ የሚያስከፋኝ ከሆነ ነገ ትነግረኛለህ።»

ዓይኑን ጨፍኖ መዳፌን ሳመው። ነገ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ፈርቼ ነው። ጥያቄው ምን እንደሆነ ሳላውቅ መልሱን ፈራሁት።

ሽማግሌዎቹ በታኅሣሥ መጡ፣ እናቴ በደስታ አለቀሰች፣ ኒካሁ ከረመዳን በፊት እንዲሆን ተቆረጠ።

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው የአኒስ አጎት ብቻቸውን ቤታችን መጡ። ጋሽ አብዱልጀሊል ይባላሉ፤ የቆዳ ነጋዴ ናቸው፤ አባትና እናቱ የሞቱበትን አኒስን አሳድገው ሥራ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ለስላሳ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። እናቴ ሻይ ልታፈላ ስትገባ ከካርቶን ውስጥ ቦርሳ አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ለሙሽራዋ።»

የዘንዶ ቆዳ ነበር። ቅርፊቱ ከእጄ በታች ይቀዘቅዛል።

«ትልቋን ቆዳ አትስቀሏት» አሉ፣ ስለ ድግሱ እንደሚያወሩ ሁሉ ፈገግ ብለው። «ሌላውን እንደፈለጋችሁ።»

«ለምን?» አልኳቸው።

«ሰጠኝን በማር ያጠባሁት ልጄ ነው። አኒስን በእንጀራ አሳድጌዋለሁ። የሁለቱን አፍ አውቀዋለሁ። ያንቺን አፍ ግን ገና አላወቅኩትም ልጄ።»

እናቴ ሻይ ይዛ ስትገባ ጎንበስ ብለው ተቀበሏት፣ መረቋት፣ ጠጥተው ሄዱ። እናቴ ቦርሳውን አይታ «እንዴት ያምራል!» አለች።

*

በማግሥቱ ጠዋት ማንም ሳይገባ ሙዚየም ደረስኩ። ትልቋን ጥቅል ከሥር ጎትቼ ጠረጴዛ ላይ አወጣኋት። እንዴት እንደሚፈታ ከአኒስ ተምሬያለሁ፤ እርጥብ ጨርቅ፣ ዘይት፣ ቀስ።

በውጭ በኩል ምንም የለም። ገልብጬ ውስጡን ሳይ ከሆዷ ጠርዝ ላይ አገኘሁት። የገፋፊው ቢላ ሾልኮ የቀደደው ቦታ ተሰፍቷል። ሰባት ስፌት። ቅርፊቱ ከቅርፊት ጋር እንዲገጥም አድርጎ የሰፋው ሰው የእጅ ባለሙያ ነው። ስፌቶቹ የተጋደሙት ግን በተቃራኒው፣ ግራ እጅ እንደሚያጋድመው ነው። ክሩ ቀይና ነጭ፣ በሰም የታሸ።

ክው አልኩ። ተቀምጬ እግሬን አየሁ። ያው ክር ጫማዬ ላይ አለ።

ለካ ያኔ ሱቁ ውስጥ ያየኝ በፍቅር አልነበረም፤ የተያዘ መስሎት ነው። ለካ ሲታጠብ የነበረው ይሄን ነው። ተናደድኩ፣ ደሜ ፈላ፣ በዚያው አፍታ ደግሞ አንጀቴ ተላወሰለት። ፖሊስ ይሄን ቢያይ፣ አራዳ ወርዶ አንድ ጫማ ቢያነሳ፣ አለቀ። ኒካሁ የለም፣ አኒስ የለም። ስለ አያ ሰጠኝ አሰብኩ ወይ? አሰብኩ። አስቤም ምላጭ አነሳሁ።

አንድ በአንድ ፈታሁት። ሰባቱም ሲያልቁ ሆዷ ላይ የነበረው ቀዳዳ አፉን ከፈተ። ክሩን ምድጃ ውስጥ ልጨምረው ይዤ ሄድኩ፣ አልሆነልኝም። የእጁ ሥራ ነዋ! ጠቅልዬ በመሀረቤ ጫፍ ቋጠርኩት።

ከቀትር በኋላ ግቢው ውስጥ የማኪና ድምፅ ሰማሁ። መርማሪው ወረደ፣ ከኋላው አኒስ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግን ቀጥ ብሎ ይራመዳል። አቶ አምሐ መነጽራቸውን አድርገው ወጡ።

«ይሄ ልጅ በራሱ እግር ጣቢያ መጥቶ ቆዳዎቹ የእኔ ናቸው ይላል» አለ መርማሪው። «ሽማግሌው የጫነውን አያውቅም ነው የሚለው። ትልቋ ላይ የእጄ ስፌት አለ ብሎናል። ቀይና ነጭ ክር። አሳዩን።»

እኔ ነኝ ያወጣኋት። እኔው ነኝ የገለበጥኳት። መርማሪው ጎንበስ ብሎ አየ፤ በጣቱ ዳሰሰ።

«የታለ?»

አኒስ ቀረበ። ባዶዎቹን ቀዳዳዎች አየ። ሰባት ወዲህ፣ ሰባት ወዲያ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እንዳወቀ አወቅኩ። መሀረቤ በእጄ ውስጥ እንደ ፍም አቃጠለኝ።

«እዚህ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ቀዳዳ ማንም ይበሳል ወንድሜ። ሱቅህን ፈተሽን፣ ከበግ ቆዳ በቀር የለም። ማን ልኮህ ነው? የሽማግሌው ዘመዶች ናቸው?»

«ማንም አልላከኝም።»

መርማሪው ማስታወሻውን ዘጋ። «የሰው ጥፋት መሸከም ጽድቅ እንዳይመስልህ። ሂድ ሥራህን ሥራ።» ማኪናው ተነስቶ ሄደ። አቶ አምሐ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አይተው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ቆዳዋ ሆዷን ከፍታ በመሀላችን ተዘርግታለች።

«ለእኔ ብለሽ ነው?» አለኝ።

«ለእኔ ብዬ ነው።» ልዋሸው አልቻልኩም። «አንተን ላጣህ አልፈልግም። ለማንም አዝኜ አይደለም።»

ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ። «አራት ዓመት ለአጎቴ ሰፋሁለት። እባብ ነው አልኩ፣ ሰው የሚጠላው ነገር ነው አልኩ። ይቺ ስትመጣ ግን ልቤ ፈራ። ከጆንያው ግርጌ የእንቁላል ቅርፊት ነበር። ምን እንደሆነ የገባኝ ያንቺን ጽሑፍ ሳነብ ነው። እና ያቺ ሴት ስትመጣ...» ድምፁ ተሰበረ። «ክሩንስ?»

«ጣልኩት።»

እንዲህ ብዬ ዋሸሁት፤ ለእናቴ ከዋሸሁት ቀጥሎ ይኸውና ሁለተኛው ውሸቴ።

«እንኳን ጣልሽው» አለ። «አንቺ እንደፈታሽው ለማንም አልናገርም። እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። በቃ፣ አልተቀበሉኝም።» ወደ በሩ ሄደና ቆመ። «ኒካሁ እንደተቆረጠው ይሁን፣ ፈህሚያ?»

«ይሁን» አልኩ። እንደ ደስታ ያለ ነገር ጠበቅኩ። አልመጣም።

*

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው ከጥምቀት ሁለት ቀን በፊት ነው። ጎንደር በሰው ተጥለቅልቃለች። አርባው ቆዳ በግድግዳው ላይ ተሰልፎ፣ ትልቋ መሀል፣ ከሥሯ የእኔ ጽሑፍ። ሰዎች ገብተው ያያሉ፣ ከንፈር ይመጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ጋሽ አብዱልጀሊል ነጭ ለብሰው መጡ። ትልቋ ፊት ቆሙ፣ ዝቅ ብለው የቀዳዳውን ቦታ ተመለከቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። የዘመድ ሰላምታ ነበር። የእሳቸው ወገን ሆኛለሁ ማለት ነው።

ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

አየር ልስብ ወደ ደጅ ወጣሁ። አዛለች ደረጃው ሥር ተቀምጣለች። መግባት አልፈለገችም፤ ባሏን ጠይቃ ወደ አገሯ ልትመለስ ነው። እቅፏ ውስጥ ትንሽ ልጅ ተኝቷል፣ የቀኝ ጆሮው ጫፍ የለም።

«ይፈቱታል ወይ?» አለችኝ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አንድ ነገር በዪኝ።»

አኒስ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። አየሁት። ያን ሁሉ ቀን አብሬው የቆምኩትን፣ ጋቢውን አውልቆ ያለበሰኝን፣ ዕድሜ ልኬን ከጎኑ ልነቃ የፈለግኩትን ሰው አየሁት። እንዲህ አድርጌ ባገባው በየቀኑ እጁን ሲታጠብ ልኖር ነው። እኔም ከጎኑ ቆሜ ልታጠብ።

«ይፈቱታል» አልኳት።

ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። መርማሪው ሳንድዊች ይበላ ነበር። መሀረቤን ፈትቼ ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ የግራ ጫማዬን አውልቄ ከጎኑ አደረግኩ።

«የፈታሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «የሰፋውን ደግሞ ያውቁታል።»

ሰውየው ክሩን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ሳንድዊቹን አስቀመጠ። ቃሌን ሲጽፍ እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብኩ። ስወጣ አንዲት ፖሊስ ነጠላ ጫማዋን አዋሰችኝ። በሩ ላይ አኒስ ቆሟል፣ ከሙዚየሙ ጀምሮ ተከትሎኝ መጥቶ።

«ጣልኩት ብለሽኝ ነበር» አለ።

«ዋሸሁህ። የእጅህን ነገር መጣል አልችልም።»

ፈገግ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክም እንደወረደለት ሰው ሲስቅ አየሁት። ግንባሬን ሳመኝና አልፎኝ ወደ ውስጥ ገባ።

*

ሁለት ዓመት ፈረዱበት። አያ ሰጠኝ በሳምንቱ ተፈታ። እኔን አደራ በማበላሸት ገሠጹኝ፤ አቶ አምሐ ተሟግተውልኝ ከሥራ አልተባረርኩም፣ አሁን ግን በር ላይ ትኬት ነው የምቆርጠው። እናቴ ሁለት ወር አላናገረችኝም። ቦርሳውን ለመርማሪው አስረከብኩት፣ ከማን እንደመጣም ተናገርኩ፤ ስጦታ መስጠት ብቻውን ወንጀል አይሆንም፣ ጆንያውም የእኔ ነው ያለ ሰው አለ ተባልኩ። አኒስና ሽማግሌው የአጎትየውን ስም አልጠሩም። የጋሽ አብዱልጀሊል ሱቅ ብረት በር ተዘግቷል። የት እንዳሉ የሚነግረኝ የለም፣ አንዳንድ ቀን ግን ከሥራ ስወጣ የሚከተለኝ ዓይን ያለ ይመስለኛል።

እሁድ እሁድ ምግብ ይዤ አኒስን እጠይቀዋለሁ። በሁለት አጥር መሀል ነው የምናወራው፤ መጮህ አለብን። ለእኔ አይከብደኝም፣ እሱ ግን ይቸገራል።

ያለፈው እሁድ ገና ሳየው እንደከፋኝ አወቀ።

«ምን ሆንሽ?»

«ሐሙስ ሌላ ጆንያ መጣ። ሃያ ስድስት ናቸው።» አፌን በእጄ ልሸፍን አልኩና ተውኩት። «የቢላው ቀዳዳ እንደተከፈተ ነው፣ አንዱም አልተሰፋም። የሚሰፋላቸው አጥተዋል፣ አኒስ። የሚገድሉት ግን አላጡም። ይዞት የተገኘው ደግሞ ሌላ ገበሬ ነው። እሱም አይናገርም።»

አጥሩን በግራ እጁ ያዘ። ጣቶቹ እስኪነጡ ጨመቀው። አጠገባችን ያሉት ሰዎች ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዝናቡ ይጮሃሉ። እሱ መሬቱን አየ። እዚያ መሬት ላይ ማንን እንደሚያይ አውቃለሁ፤ በሰባት ዓመቱ እጁን ይዘው ወስፌ ያስጨበጡትን ሰው ነው።

«መርማሪውን ጥሪልኝ» አለ በመጨረሻ። «የአጎቴን ስም እናገራለሁ።»

«ከተናገርክ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ አናውቅም። አንተን እዚህ፣ እኔን እዚያ።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው የምጠይቅሽ። ልትሄጂ ከፈለግሽ ዛሬ ሂጂ። አልቀየምሽም።»

ወይ አኒስ! ንዴት ያዘኝ፣ አጥሩ ባይኖር በጥፊ እለው ነበር።

«ስማ» ብዬ ጮህኩ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ። «ትልቋ ሥር ‹ትታ አትሄድም› የሚለውን ጽሑፍ ማን የጻፈው መሰለህ?»

ከዚያ ፖሊሷ ያኔ ያዋሰችኝን፣ እስከ ዛሬ ያልመለስኩላትን ነጠላ ጫማ እየጎተትኩ ወደ መርማሪው ቢሮ ሄድኩ።